በየወሩ የሚመለሰው ሕመምና የመውለድ ተስፋ
ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

በአጥቢያዎቻችን ልጅ ያጡ ባለትዳሮች ጭንቀታቸውን ከሐኪም አስቀድመው የሚነግሩት ለንስሐ አባታቸው ነው። ነገሩ እየቆየ ሲሄድና በቤቱ ቅያሜ ሲገባ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሰበካ ጉባኤው ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» የሚል ነው። «የወር አበባሽ ሲመጣ እንዴት ያደርግሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ጥያቄው ለካህን አንደበት የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሴቲቱም ለወንድ መመለሱን ታፍራለች። ሆኖም ከዚህ ካልተጠየቀ ጥያቄ በስተጀርባ በገጠር ስሙ እምብዛም የማይሰማ፣ ነገር ግን የእኅቶቻችንን የመውለድ ተስፋ ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ አለ። ሐኪሞች ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሉታል። በዚህ እትም ስለዚሁ በሽታ፣ በተለይም በሴት እንቁላል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ በመተከል ዞን በድባጤና በአካባቢው የሚያገለግሉ አባቶችንና የሰበካ ጉባኤ አባላትን በማሰብ እንጽፋለን።

የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ካልያዘ ይፈርስና ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ የምንለው ይህንን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ይህንኑ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲገኝ ነው፤ በእንቁልጢ ላይ (እንቁላል የሚቀመጥበትና የሚበስልበት፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሉት አካል ነው)፣ በማሕፀን ቱቦዎች፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ በአንጀትና በፊኛ ላይ ይበቅላል። ከቦታው ውጭ የበቀለው ሥጋም የወሩን ሥርዓት ተከትሎ ይወፍራል፣ ይደማል። ነገር ግን የማሕፀኑ ደም መውጫ በር ሲኖረው ይህኛው የለውም። በሆድ ውስጥ ቀርቶ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ያቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ እንደ ልባቸው ሊንሸራተቱ የሚገባቸው የሆድ ዕቃ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ።

የመነሻው ነገር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የወር አበባ ደም በከፊል በቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ተመልሶ እንደሚፈስስና ይዞት የሚሄደው የሽፋኑ ቅንጣት በዚያ እንደሚተከል አስረዱ። በኋላ እንደታወቀው ግን ይህ ወደ ኋላ መፍሰስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ በሽታው የሚይዘው ግን ጥቂቶቹን ነው። እናቷ ወይም እኅቷ የታመመች ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ይላል፤ የሰውነት የመከላከል አቅምም ድርሻ እንዳለው ይታመናል። ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው፦ በሽታው አይተላለፍም፤ የአባላዘር በሽታ አይደለም። በቤት ውስጥ ጥርጣሬ ሲነሳ ባልም፣ አማትም፣ ሽማግሌም ይህን ሊያውቁ ይገባል። ሴቲቱ ያጠፋችው ነገር የለም፤ የእርግማንም የቡዳም ሥራ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች ከ100ው 10 ያህሉ፣ ማለትም በዓለም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ አለባቸው። «እንዲህ ያለው የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው ቢኖር እንዲያ ያለው ስሕተት ከዚህ ቀደም በሊቃውንቱም ዘንድ ነበር ብሎ መመለስ ይቻላል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ በሽታው የነጮችና የባለጠጎች፣ ዘግይተው የሚያገቡ ሴቶች ሕመም ነው ተብሎ በሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር ተጽፎ ነበር። ጥቁር ሴት ያንኑ ሕመም ይዛ ስትመጣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ ትሸኝ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ቻትማን የተባሉ ሐኪም ለሕክምና የመጧቸውን ጥቁር ሴቶች ሆድ በመመልከቻ መሣሪያ ሲመረምሩ ከአምስቱ ከአንዷ በላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ አገኙባቸው፤ ብዙዎቹም ቀደም ሲል ኢንፌክሽን ተብለው የታከሙ ነበሩ። ይህ ታሪክ ለእኛም ትርጉም አለው። በአገራችን ቱቦን የሚዘጋ ኢንፌክሽን በእርግጥ ብዙ ነው፤ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ወሊድና ውርጃ፣ በማሕፀን አካባቢ የሚገባ ቲቢም ሴትን ልጅ ያሳጣሉ። ስለዚህ ጤና ባለሙያው አስቀድሞ ኢንፌክሽንን ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት የኢንፌክሽን መድኃኒት ሦስትና አራት ጊዜ ወስዳ ሕመሙ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ የሚመለስባት ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

«ይህስ የሴት ወግ ነው»

የወር አበባ ሕመም ሁሉ በሽታ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የሚነሳ፣ ትኩስ ነገር ሲጠጣ ወይም ተራ የሕመም ማስታገሻ ሲወሰድ የሚለቅ ቁርጠት የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ልጃገረዷን በየወሩ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ከአልጋ መነሣት የሚከለክል ሕመም ነው። ደሙ ከመምጣቱ ቀናት አስቀድሞ ይጀምራል፤ ወደ ወገብና ወደ ጭን ይወርዳል፤ በዚያው ሰሞን ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ ያማል፤ ሆድ ይነፋል። ባለትዳር የሆነች ሴት በግንኙነት ጊዜ ከውስጥ በኩል ሕመም ይሰማታል፤ ይህንንም ብዙውን ጊዜ ለማንም አትናገርም፤ ባሏ ግን እንደምትሸሸው ብቻ ያውቃል። ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ልጅ በማጣት ብቻ በሽታው የሚገኝባቸውም አሉ። የሕመሙ ብርታትና የበሽታው ስፋት ሁልጊዜ አይመጣጠኑም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ በሽታው ስሙ እስኪታወቅ በአማካይ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያልፋል። በ15 ዓመቷ ሕመሙ የጀመራት ልጅ ምን እንደያዛት የምታውቀው በ19 ወይም በ27 ዓመቷ ይሆናል ማለት ነው። ይህም ልዩ ሐኪም በቅርብ የሚገኝባቸውን አገሮች ጭምር የሚያካትት ስሌት ነው። ለድባጤ ልጅ ቢረዝም እንጂ የሚያጥር አይመስለንም። እነዚህ ዓመታት እንዲያው የሕመም ዓመታት ብቻ አይደሉም፤ ከዚህ በታች እንደምናየው እንቁላሎቿ የሚጎዱባቸውም ናቸው።

እዚህ ላይ በመንገዳችን ያለ አንድ መልካም ነገር እንጥቀስ። ለሐኪም ከሁሉ የሚጠቅመው ሕመሙ በየትኛው ቀን እንደሚጀምርና በየትኛው እንደሚያበቃ ማወቅ ነው። እናቶቻችን የቀን መቁጠሪያ ባይዙም በበዓላቱ ይቆጥራሉ፤ «በማርያም ዋዜማ ጀመረኝ፣ እስከ መድኃኔ ዓለም አልተነሣሁም» ይላሉ። ይህ ለሐኪም እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ማስረጃ ነው። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን፣ የብዙ ሴቶች ዑደት ደግሞ 28 ቀን ያህል ስለሆነ ቀኑ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፦ ጥቅምት 21 በማርያም የመጣው ኅዳር 19 በገብርኤል ይመጣል። ከሦስት ወይም ከአራት ወር እንዲህ ያለ ቆጠራ ሕመሙ ከወር አበባው ጋር የተሳሰረ መሆን አለመሆኑ ይለያል። ፊደል የቆጠሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በደብተር ቢይዙት የበለጠ ይሆናል።

የእንቁላሉ ጎተራ

ወንድ ከጉርምስናው ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ዘር ያፈራል። ሴት ልጅ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠቀምበትን እንቁላል በእናቷ ማሕፀን ሳለች ተቀብላ ትወለዳለች። ስትወለድ በሁለቱ እንቁልጢዎቿ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርስ የእንቁላል ፍሬ ይኖራታል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300,000 ወይም 400,000 ያህሉ ይቀራል። ከዚህም ሁሉ በሕይወት ዘመኗ በስሎ የሚወጣው 400 ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በተፈጥሮ ሥርዓት እየሟሸሸ ይጠፋል። ሴት አንዴ ከሞላ ጎተራ እየጨለፈች ትኖራለች እንጂ አዲስ እህል አታስገባም። ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ስንነጋገር ሁለት ነገር መለየት አለብን፤ በጎተራው ውስጥ ያለው እህል መጠኑ ይቀንሳልን? የቀረውስ ፍሬ ጤናማ ነውን?

መጠኑን የሚቀንሰው በይበልጥ በእንቁልጢው ላይ የሚያድገው ከረጢት ነው። ከቦታው ውጭ የበቀለው ሥጋ በእንቁልጢው ውስጥ ሲደማ ያረጀ ደም ይጠራቀማል፤ ከወር ወር እየወፈረና እየጠቆረ ይሄዳል። በቀለሙ ምክንያት ሐኪሞች ቸኮሌት ሲስት ይሉታል፤ እኛ ዘንድ የቡና አተላ ቢባል ይበልጥ ይገባል። የእንቁላሎቹ ፍሬ የሚገኘው በእንቁልጢው የላይኛው ቅርፊት ውስጥ ነውና ከረጢቱ ሲያድግ ይህን ቅርፊት ይለጥጠዋል፣ ጠባሳም ያደርገዋል። ያረጀው ደም በብረት የተሞላ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ጤናማ ሥጋ ይመርዛል። ከዚህም ሌላ ተመራማሪዎች ብግነቱ ተኝተው መቆየት የሚገባቸውን ፍሬዎች ያለጊዜያቸው እየቀሰቀሰ እንደሚያባክናቸው ያስባሉ። የቀረውን መጠን ለመገመት ሐኪሞች ኤ ኤም ኤች የተባለ ሆርሞን በደም ይመረምራሉ፤ ከረጢቱ ባለባቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

የፍሬው ጤንነት ነገር ከዚህ ይረቅቃል። እንቁላል በመጨረሻዎቹ የብስለት ቀናት ውስጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ከእናቲቱ የሚተላለፈውን የዘር ቅንጣት በቀጭን ክሮች ስቦ በትክክል ለሁለት ይከፍላል። ይህን ለማድረግ ኃይል ያስፈልገዋል፤ በዙሪያው ያሉ ሕዋሳትም ይመግቡታል። በኢንዶሜትሪዮሲስ በሆድ ውስጥ የሚኖረው ብግነት እንቁላሉ በሚዋኝበት ፈሳሽ ድረስ ይገባል። ብረት በዝናብ ሲቆይ እንደሚዝግ ሁሉ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የሚበዙ የተቆጡ ቅንጣቶች የእንቁላሉን የኃይል ምንጭ፣ ክሮቹንና መጋቢ ሕዋሳቱን ያበላሻሉ። በእስፔን አገር በቫሌንሲያ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገሩን በተዘዋዋሪ መንገድ አሳይቷል። ጤናማ ሴት የሰጠችው እንቁላል በሽታው ላለባት ሴት ሲሰጥ ፅንሱ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ይይዛል፤ እንቁላሉ በሽታው ካለባት ሴት ሲመጣ ግን የመያዝ ዕድሉ ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ የተነሣ ጉዳቱ ከማሕፀኑ ይልቅ በእንቁላሉ ላይ ያዘነብላል ተባለ።

ይህ ማለት ግን በሽታው ያለባት ሴት እንቁላል ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ሌላውንም ያስቆርጣል። ከዚያ ወዲህ የፅንስን የዘር ቅንጣት ቆጥረው የመረመሩ ጥናቶች፣ በሽታው ያለባቸውም የሌለባቸውም እኩያሞች የቅንጣት ጉድለት ተመሳሳይ ሆኖ እንደሚገኝ አሳይተዋል። በዚህ ረገድ ዋናው ወሳኝ ዕድሜ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ የእንቁላሉ ጤንነት በሁሉም ሴት ዘንድ በፍጥነት ይቀንሳል። እንግዲህ በሽታው ጎተራውን ያሳንሰዋል፤ ዕድሜ ደግሞ የቀረውን ያስረጀዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ችግሩ የሚከፋው። «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዚአብሔር ሲፈቅድ ይሰጥሻል፣ ታገሺ» የሚለው መልካም ቃል ለአንዲት በየወሩ ለምትታመም የ30 ዓመት ሴት በተደጋጋሚ ሲነገር ውድ ጊዜዋን ይወስድባታል።

በሽታው ከእንቁላሉ በፊትና በኋላም መሰናክል ያቆማል። ጠባሳው ቱቦውን ከእንቁልጢው ያርቀዋል ወይም ያጣጥፈዋል፤ የወጣው እንቁላል ወደ ቱቦው አይገባም። በሆድ ውስጥ ያለው ብግነትም የወንዱን ዘር ጉዞ ያውካል። የዚህ ሁሉ ድምር በቁጥር እንዲህ ይነገራል፦ ጤናማ ባልና ሚስት በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ከ100 ከ15 እስከ 20 ሲሆን በሽታው ካለ ከ2 እስከ 10 ይሆናል። ልጅ ለማግኘት ከሚቸገሩ ሴቶች መካከልም ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባቸው ጥናቶች ይገምታሉ። ዕድሉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ብዙዎቹ ያለ ምንም ሕክምና ይወልዳሉ። «መካን» የሚለው ቃል ለእነዚህ እኅቶች ከሕክምናም አንጻር ስሕተት ነው፤ አባቶች ይህን ቃል ከአንደበታቸው ቢያስወግዱት፣ በሽምግልና ሲነገርም ቢያርሙት እንወዳለን።

የሚረዳውና የማይረዳው

አስቀድመን የማይረዳውን እንናገር። «አግብታ ስትወልድ ይለቃታል» የሚል ምክር በየመንደሩ አለ። በእርግዝና ወራት ሕመሙ ሊታገስ ይችላል፤ በሽታውን ግን አይፈውሰውም። የወር አበባ ሕመም ያለባትን ልጃገረድ ከ18 ዓመት በፊት ለመዳር ይህን ምክንያት አድርጎ የሚያቀርብ ቤተሰብ ካጋጠመ፣ ከሕጉም በተጨማሪ ምክሩ ራሱ መሠረት የሌለው መሆኑን ካህኑ ሊያስረዳ ይችላል።

ሕመሙን ለማስታገስ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ይሰጣሉ፤ ከምግብ ጋር መወሰድ አለባቸው፤ በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሴት ወይ መድኃኒቱን ትተዋለች፣ ወይ በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች። ሁለቱንም እናያለን። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላት ርኅራኄ የታወቀ ነውና የንስሐ አባት ሳይጠየቅ አስቀድሞ ቢነግራት ትልቅ እርዳታ ነው፤ እርሷ ራሷ ፈቃድ ለመጠየቅ አትደፍርም።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ተብለው የሚታወቁት እንክብሎች፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረውም በሽታው እንዳይስፋፋ ለመግታት ይታዘዛሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች በባልና በአማት ፊት ይቸገራሉ፤ «ልጅ ላለመውለድ ትወስዳለች» ይባላሉ። ለዚህች ሴት ይህ ለበሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ መካንነትንም አያመጣም። ልጅ ለማግኘት በተወሰነበት ጊዜ ግን መቋረጥ አለበት፤ በሚወሰድበት ጊዜ ፅንስ አይኖርምና። በመርፌ የሚሰጠው ካቆመ በኋላ የመፀነስ ዕድል ለመመለስ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ ሲደረግ የተጣበቀውን ያላቅቃል፣ የበቀለውን ያነሣል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት በሽታው ገና ቀላል ደረጃ ላይ በነበረባቸው ሴቶች ላይ ይህን አነጻጽሮ ነበር። የበቀለው ከተነሣላቸው ከ100ው 31 ያህሉ፣ በመሣሪያው ታይተው ብቻ ከተመለሱት ደግሞ ከ100ው 18 ያህሉ በ36 ሳምንት ውስጥ ፀንሰዋል። በእንቁልጢው ላይ ያለውን ከረጢት መቅረፍ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ከከረጢቱ ጋር ጤናማው ቅርፊትና በውስጡ ያሉት ፍሬዎችም ይነሣሉ። ስለዚህ ልጅ የምትፈልግ ሴት «ከረጢቱን እናውጣው» ስትባል «በእንቁላሌ ላይ ምን ያስከትላል?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው፤ በተለይ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ።

ስለ ጠበል የምንለው አጭር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በይፋ አስተምረዋል። ለዚህም በሽታ ከዚያ የተለየ ትምህርት የለንም። ጠበል የምትጠመቅ እኅት የሐኪሟን ቀጠሮ አትሰርዝ።

ከድባጤ ወዴት?

ድባጤ ያለችው ከዓባይ ሰሜን ነው፤ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ደግሞ ከዓባይ ማዶ። በወረቀት የክልሉ ሰው ብትሆንም የመተከል ሕመምተኛ እግሯ የሚያመራው ወደ ፓዊ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ነው። መጀመሪያ በቀበሌዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቀጥሎም ጤና ጣቢያው ያዩዋታል። ጤና ጣቢያው በሽታውን ባይለየውም ኢንፌክሽንንና የደም ማነስን መርምሮ በሪፈር ወረቀት ሊልካት ይችላል። በሆስፒታል የሚደረገው አልትራሳውንድ በእንቁልጢ ላይ ያለን ከረጢት ያሳያል፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑትን ትንንሽ ቁስሎች ግን ላያሳይ ይችላል። «አልትራሳውንዱ ምንም የለብሽም አለ» ተብላ የተመለሰች ሴት ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሳ መሄድ አለባት። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የማሕፀን ልዩ ሐኪሞች አሉ። ከዚያም ያለፈ ችግር ላላቸው በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ተቋም የመጀመሪያው የሆነውን የመካንነት ሕክምና ማእከል ከፍቷል፤ እንቁላልና የወንድ ዘር ከማሕፀን ውጭ በላቦራቶሪ የሚገናኙበት ሕክምናም በዚያ ይሰጣል። ወደዚህ ደረጃ የሚደርሱ ባለትዳሮች ከመነሣታቸው በፊት ቀጠሮውንና ወጪውን በስልክ ማረጋገጥ፣ የኅሊና ጥያቄ ያለባቸውም ከንስሐ አባታቸው ጋር መምከር ይገባቸዋል።

መቼ ትሂድ? ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች፣ 35 የሞላት ደግሞ በ6 ወር ውስጥ መታየት አለባት። ከላይ የዘረዘርነው ሕመም ያለባት ግን ይህን አትጠብቅ። ያላገባች ልጃገረድም ብትሆን ሕመሙ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

በዚህ አካባቢ ሊረሳ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ወደ ቻግኒና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተፈናቅሏል፤ በዚያ መካከል የሕክምና ካርዱና ውጤቱ የጠፋበት ሰው ጥቂት አይደለም። አንዲት ሴት ወደ አዲስ ሐኪም ያለ ወረቀት ስትቀርብ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ለዚህች ሕመምተኛ ደግሞ ጊዜ ራሱ ሀብቷ ነው። የሪፈር ወረቀት፣ የአልትራሳውንድ ውጤትና የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያ ግልባጭ በላስቲክ ተጠቅልሎ በቤትና በዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ስልክ ያለው ሰው ካለም ፎቶ ቢያነሣው መልካም ነው። ሰበካ ጉባኤው ለችግረኞች ከሚመድባት ጥቂት ገንዘብ ለመኪና ኪራይ ቢያግዝ፣ አብራት የምትሄድ አንዲት እናት ቢሰይም፣ በአማርኛ መናገር ለሚከብዳቸው የጉሙዝና የሺናሻ እኅቶች ቋንቋቸውን የምታውቅ ሴት ብትጨመር፣ የጉዞው ግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

ባልም ከዚህ ጉዞ አይቅር። ልጅ ካጡ ባለትዳሮች መካከል በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ ከወንድም ወገን ይገኛል፤ የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ምርመራ ሁሉ ቀላልና ርካሽ ነው። ሚስቱ ሆዷ ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞላት ባል አንድ ናሙና ሳይሰጥ መቅረቱ ከፍትሕም ከብልሃትም የራቀ ነው፤ ሽማግሌዎች ስለ ፍቺ ከመነጋገራቸው በፊት የሁለቱንም ውጤት በጠረጴዛ ላይ ሊጠይቁ ይገባል። ለምርመራው ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የረዘመ መታቀብ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ዐቢይ ጾም እንደተፈታ በማግሥቱ ከመመርመር ጥቂት ቀናት መቆየት ይሻላል። ሐኪሙ «በመደበኛነት ትገናኛላችሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅም በጾም ቀናትና በጾም ወራት የሚታቀቡ ባለትዳሮች ይህንኑ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ «አንድ ዓመት ሞክረናል» ያሉት ዓመት ስንት ወር እንደሆነ የሚያሰላው በዚያ ነውና።